ከውኃ የወጣበት ሰዓት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቀኑን ሙሉ ውኃ ስመዝን ዋልኩ።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ደሴ የሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ በረዳት ቴክኒሺያንነት ሲቀጥረኝ ልጄ ለይላ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ለጎረቤቴ ለእማማ ተዋበች ትቻት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እማማ ተዋበች ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው፤ እኔ ሙስሊም ነኝ። ለይላ ትምህርት ቤት እስክትገባ ቀን ቀን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው። ውለታቸውን አላህ ይክፈልልኝ፤ እኔ አልችለውም።

የላቦራቶሪው ከፍተኛ ቴክኒሺያን ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ነጭ ጋዋን አለበሱኝ፣ ጓንት ሰጡኝ፣ ፒፔት አስያዙኝ። ፒፔት በአውራ ጣት እየተጫኑ ከጠብታ ያነሰ ፈሳሽ የሚመጥኑበት መሣሪያ ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃና ትንሽ ሚዛን ፊቴ አስቀመጡ።

«ከዚህ እየቀዳሽ እዚህ መዝኚ። ጻፊው። ድፊውና እንደገና መዝኚ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ቁጥሩ አንድ ዓይነት እስኪሆን።»

አመሻሽ ላይ ደብተሬን አገላብጠው አዩ። የጠዋቱና የከሰዓቱ ቁጥር ይለያይ ነበር። «የቱ ነው ልኩ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

«ውኃው ያው ውኃ ነው። ከሰዓት በኋላ አንቺ ደክመሻል፣ አውራ ጣትሽም ደክሟል። ነገ ደግሞ ትመዝኛለሽ» አሉኝና ወደ ቤቴ ላኩኝ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ብዙ ነው፤ ከዚህ ግን እምብዛም አልራቀም። ከረዳትነት ወደ ቴክኒሺያንነት፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ቴክኒሺያንነት ለማደግ ዓመታት ወሰደብኝ። ወይዘሮ አስካለ ጡረታ ሲወጡ ናሙና የሚቀመጥበትን የፍሪዘሩን ቁልፍ ለእኔ አስረከቡ። ይህን የምጽፈው ቁልፉን በተራዬ የማስረክብበት ጊዜ ስለደረሰ ነው። ለእናንተ ለአዲስ ገቢዎች አንድ ታሪክ ብቻ ልተውላችሁ እፈልጋለሁ።

ሥራችንን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የአንድ ዓሣ ጉበትም ክንፉም የያዘው ዘረመል ያው ነው። ሁሉም ዘረመል ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ዓሣው ሲርበው የሚነሣ አለ፤ ሲጨነቅ የሚነሣ አለ፤ መርዝ ሲገባበት የሚነሣ አለ። አንድ ዘረመል ሥራ ሲጀምር አር ኤን ኤ የሚባል ቅጂ ያወጣል። ብዙ ከሠራ ብዙ ቅጂ፣ ትንሽ ከሠራ ትንሽ ቅጂ። እኛ የምንቆጥረው ቅጂውን ነው። የሁለት ቦታ ዓሦች ቅጂ ከተለያየ፣ የገጠማቸው ነገር ተለያይቷል እንላለን።

ቅጂው ግን ዕድሜ የለውም። በሙቀት ይበላሻል፤ በእጅ ላብ ይበላሻል። ስለዚህ ጉበቱ ወዲያው ይወጣል፣ ከምስር ፍሬ በማይበልጥ ልክ ይቆረጣል፣ ማቆያ ፈሳሽ ባለበት ቲዩብ ገብቶ በረዶ ላይ ይቀመጣል። ላቦራቶሪ ሲደርስ ይፈጫል፣ ይጣራል፣ በመጨረሻ ፒሲአር ማሽን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ቅጂውን ዙር በዙር ያባዛዋል። ብዙ የነበረው በጥቂት ዙር ይታያል፤ ጥቂት የነበረው ብዙ ዙር ያስጠብቃል።

የከተማችን ሐይቅ ጥናት ሲመጣ ኃላፊያችን ዶክተር ታረቀኝ ነበሩ። ጥያቄው ግልጽ ነው። በከተማው በኩል ያለው የሐይቁ ዳር ልብስ ይታጠብበታል፣ ባጃጅ ይታጠብበታል። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ያለው ዳር ጸጥ ያለ ነው። የሁለቱ ዳር ቆሮሶ ይለያያል ወይ? ቆሮሶ እዚህ በብዛት የምንበላው ዓሣ ነው።

«ዘሀራ፣ አንቺ የቦታው ሰው ነሽ። ናሙናውን አንቺ ሰብስቢ» አሉኝ ዶክተሩ። «ሕያው ዓሣ ብቻ። የሞተ እንዳትቀበዪ።»

ደስ አለኝ። ቤቴ አጠገብ ልሠራ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ሁለት ዓሣ አጥማጆች አነጋገርኩ። በገዳሙ በኩል ጋሽ ወርቁ፣ በከተማው በኩል ጋሽ ይማም። ለሁለቱም ያልኳቸው አንድ ነው፦ «በሳምንት አንድ ቀን እመጣለሁ፤ በሕይወት ያለ ዓሣ ነው የምፈልገው።»

በዚያ ቀን ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግጄ፣ የበረዶ ሳጥኔን ይዤ መጀመሪያ ወደ ገዳሙ በኩል እሄዳለሁ። መንገዱ በእግር ስለሆነ ጠዋት ቀዝቀዝ ሳለ ነው የምጨርሰው። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ ሴት ከበሩ አታልፍም። እኔ ከበሩ ወዲህ ዳር ላይ ቆሜ የጋሽ ወርቁን ታንኳ እጠብቃለሁ።

«ደጅ ጠኚዋ መጣች!» ይላሉ ገና ከሩቅ። «ዛሬስ ምን ጉዳይ ይዘሽ ነው፣ አቤቱታሽን ላሰማልሽ?»

«አቤቱታዬ ጉበት ነው፣ ጋሽ ወርቁ።»

ታንኳው ዳር ሲነካ ከመረቡ እያላቀቁ አንድ በአንድ ይሰጡኛል። ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም፤ እኔ ግን ቢስሚላህ ሳልል ምላጭ አላነሣም። ጉበቱን አወጣለሁ፣ ሥጋውን እመልስላቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ከተማው በኩል እመለሳለሁ። ጋሽ ይማም ዘንድ ስደርስ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ጋሽ ይማም አንድ ቀን እንኳ አስጠብቀውኝ አያውቁም። ከዳሩ አጠገብ ውኃ ውስጥ ከእንጨት ጋር የታሰረ ባለክዳን ቅርጫት አላቸው። ክዳኑን ሲከፍቱት ዓሦቹ ይንፈራገጣሉ። ትልልቁን መርጠው ነው የሚያስቀምጡልኝ።

«ማሻአላህ፣ ጋሽ ይማም።»

«ጉበቱን ብቻ ወስደሽ ሥጋውን ትተሽ! ድመት እንኳ እንዲህ አትመርጥም፣ ልጄ።»

ከአጠገባቸው ልጃቸው ሙሐመድ ባጃጅ ያጥባል። ከሳዑዲ ተመልሶ በያዛት ጥሪት የውኃ ፓምፕ ገዝቷል። ከሐይቁ ይስባል፣ ያጥባል፣ እጣቢው ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ጋሽ ይማም በልጃቸው ይኮራሉ። «ተመልሶ ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም» ይሉኛል በመጣሁ ቁጥር።

እንዲህ እያልን ናሙና መሰብሰቡ አለቀ። የምንለካበት ኬሚካል ውድ ስለሆነና በቶሎ ስለማይገኝ የአንድ ዳር የአምስት ዓሣ ጉበት በአንድ ቲዩብ ቀላቅለን ፈጨን። በአንደኛው ቀን የገዳሙን በኩል ማሽን ውስጥ አስገባሁ፣ በማግሥቱ የከተማውን።

ውጤቱ ዓይን የሚሞላ ነበር። በከተማው ዳር ዓሣ ላይ ሰውነት ሲጨነቅ የሚነሡት ዘረመሎች እጅግ ከፍ ብለዋል። የገዳሙ ዳር ዓሣ ጸጥ ያለ ነው። ዶክተር ታረቀኝ ሠንጠረዡን አይተው «ይኸው!» አሉ። የከተማው ዳር ዓሣ በብክለት ተጨንቋል የሚል ረቂቅ ጽፈው ለወረዳው አቀረቡ። እኔም ተደስቼ ነበር። ያን ያህል ልዩነት በእጄ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ወረዳው ውስጥ የተባለ ነገር ሐይቅ ገበያ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። በሳምንቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ጋሽ ይማም ቤቴ ደጅ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ግቡ እንጂ፣ ጋሽ ይማም።»

«አልገባም።»

እኛ አገር ግቡ ተብሎ አልገባም ማለት ጠብ ነው። 

«ባለ ሆቴሏ ዓሣዬን መለሰችው። ‹የእርስዎ ዳር ዓሣ ታሟል ተብሏል፤ ከገዳሙ በኩል ከሆነ አምጡልኝ› አለችኝ። ሰው ፊት! ዕድሜዬን ሙሉ ዓሣ ያቀረብኩላት ሴት!»

«እኔ ለማንም አልተናገርኩም።»

«ጉበቱን የወሰድሽው አንቺ አይደለሽ? እንግዲህ ጉበቱ ነው የተናገረው!»

 ገና አልጨረሱም።

«እኔ ምን በደልኩሽ? ሕያው ነው የምፈልገው ስላልሽ፣ መረቡን ከሱብሒ በኋላ አንሥቼ፣ ትልልቁን መርጬ፣ ቅርጫት ውስጥ አድርጌ፣ እስክትመጪ ተቀምጬ ስጠብቅልሽ! ጓደኞቼ ሸጠው ቤታቸው ሲገቡ እኔ የአንቺን አደራ ስጠብቅ! አንዱን እንኳ ሞቶ አስረክቤሽ አውቃለሁ?»

«ከሱብሒ ጀምሮ ቅርጫት ውስጥ ናቸው?»

«እና መረብ የሚነሣው መቼ ነው? አንቺ እስክትመጪ ዓሣው ይጠብቃል?»

 ሠንጠረዡ ዓይኔ ላይ መጣ። የጋሽ ወርቁ ዓሣ ከመረብ ወጥቶ ወዲያው እጄ ይገባል። የጋሽ ይማም ዓሣ ግን ጠባብ ቅርጫት ውስጥ እርስ በርሱ እየተጋፋ ከማለዳ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ይቆያል። ዓሣ እንዲህ ቢታሰር ይጨነቃል እንጂ ምን ይሆናል? ከፍ ብሎ ያየሁት ጭንቀት የቅርጫቱ ሊሆን ይችላል። ጋሽ ይማም አደራ ጠበቁልኝ፤ እኔ አደራውን በሽታ ብዬ ጻፍኩት።

«ጋሽ ይማም፣ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው።

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። «እንዴት?»

«ግቡና ልንገርዎት።»

ገቡ። ውኃ ሰጠኋቸው። ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ዓሣም ሲታሰር ጉበቱ ያውቃል በይኛ» አሉ። ሲወጡ ስለ ባለ ሆቴሏ ደግመው አላነሡም። እኔን ግን የከበደኝ ያ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ታረቀኝ ቢሮ ገባሁ። የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳቸው።

«ረቂቁ ወረዳው እጅ ገብቷል» አሉ። ድምፃቸው የቁጣ ነበር። «አሁን ዓሣው ጤነኛ ነው እያልሽኝ ነው?»

«አላልኩም። አላውቅም ነው የምለው። ዶክተር፣ እርስዎም አያውቁም።»

ኃላፊን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«በመረብ ከውኃ የወጣበትን ሰዓት ለምን አልመዘገብሽም?»

«ቅጹ ላይ የለም።»

«ቅጹን ማን ነው ያዘጋጀው?»

«እርስዎ ነዎት። ሳልጠይቅ የሞላሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

 ከዚያ ስልኩን አንሥተው ወረዳው ረቂቁን ይዞ እንዲያቆየው ጠየቁ። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። ስሕተትን በስልክ ማመን ለተማረ ሰው ቀላል አይደለም፤ ዛሬም አከብራቸዋለሁ።

«እሺ፣ ከምን እንጀምር?» አሉኝ።

የጀመርነው ከዳሩ ነው። በአንድ ጠዋት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሁለቱም ዳር ላይ ሰው መኖር አለበት። እኔ ከተማው በኩል ቆምኩ። በገዳሙ በኩል ዶክተሩ ራሳቸው የበረዶ ሳጥን ተሸክመው ሄዱ። ጋሽ ወርቁ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሲያዩዋቸው «ደጅ ጠኚዋስ? ዛሬ ጠበቃ ነው የላከችው?» ብለዋቸዋል።

ከእያንዳንዱ ዳር ግማሹ ዓሣ ከመረብ እንደወጣ ጉበቱ ወጣ። ግማሹ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ቅርጫት ውስጥ ቆየ። ለገዳሙ ዳር ሁለተኛ ቅርጫት ያዋሱን ጋሽ ይማም ናቸው። «የእኔ ቅርጫት ገዳም ደጅ ደረሰ፤ እኔ ሳልሄድ» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ከዚያ ዓርብ ወዲህ ያን ዕለት ነው። በእያንዳንዱ ቲዩብ ላይ ሰዓትና ደቂቃ ጻፍን። ትልቅም ትንሽም ሳንመርጥ በወጣበት ተራ ወሰድን። ይህንኑ ለአምስት ሳምንት ደጋገምነው።

ላቦራቶሪ ውስጥም የለወጥነው አለ። መቀላቀሉን ተውን። አምስት ዓሣ በአንድ ቲዩብ ሲቀላቀል አንዱ በጣም የታመመ ዓሣ አምስቱንም የታመሙ ያስመስላቸዋል፤ ከዓሣ ወደ ዓሣ ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነም አይታወቅም። ይህን ካላወቅን ደግሞ በዳርና በዳር መካከል ያየነው ልዩነት ብዙ ይሁን ትንሽ መፍረድ አንችልም። ኬሚካሉን ለመቆጠብ የዘረመሎቹን ቁጥር ቀንሰን የዓሦቹን ቁጥር ጨመርን።

ሌላው ማመሳከሪያው ነው። ከአንዱ ቲዩብ ወደ ሌላው የጉበቱ መጠን ትንሽ ስለሚለያይ፣ ምንም ቢመጣ አይለወጥም የሚባል ዘረመል አብረን እንለካለን፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ይመዘናል። ዶክተሩ ያንን ዘረመል በቅርጫት ዓሦች ላይ ለብቻው እንድለካው አዘዙኝ። ለካሁት። እሱ ራሱ ተንቀሳቅሷል። ድንጋዩ የጎደለ ሚዛን ይዘን ነበር ስንመዝን የቆየነው። ጥቂት ሌሎች ሞክረን፣ ቅርጫት ውስጥም ከቅርጫት ውጭም ንቅንቅ የማይሉ ሁለት አገኘንና በእነሱ ቀየርነው።

አንዱን ዳር ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ማሽን ውስጥ ማስገባቱም ቀረ። በየቀኑ ከሁሉም ቀላቅለን አስገባን። የትኛው ቲዩብ ከየት እንደመጣ እንዳላውቅ ዶክተሩ ምልክቱን በቁጥር ለውጠው ዝርዝሩን መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። እኔ የጋሽ ይማምን ዓሣ ጤነኛ ሆኖ ለማየት ምን ያህል እንደምፈልግ አውቅ ነበር። እሳቸውም የመጀመሪያው ረቂቃቸው እውነት ሆኖ ለማየት እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። ሁለታችንም ቁጥሩ ላይ እጅ እንዳይኖረን ነው።

ልኬቱ አልቆ ዝርዝሩ በሚታይበት ቀን ዶክተሩ መሳቢያውን ከፈቱ። እሳቸው ቁጥር ሲጠሩ እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ነገሩ ታየን። የጭንቀት ዘረመሎቹ ከፍ ያሉት ቅርጫት ውስጥ በቆዩት ላይ ነው፤ የከተማውም ሆነ የገዳሙ ዳር። ከመረብ እንደወጡ የተከፈቱት ዓሦች በዳር አይለዩም።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ ወረቀቱን አጥፌ ልነሣ ስል ዶክተሩ «ቆይ» አሉኝ።

አንድ ዘረመል ቀርቶ ነበር። የዘይትና የነዳጅ ቅሪት ወደ ሰውነት ሲገባ የሚነሣ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ስንለካው ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ስለሚል ምንም አልታየንም፤ ትተነው ነበር። አሁን ዓሣው አንድ በአንድ ሲለካ፣ ሰዓቱ ሲስተካከል፣ ማመሳከሪያው ሲቀየር፣ ቁጥሮቹ ተሰበሰቡ። ከመረብ እንደወጡ የተከፈቱትን ብቻ ስናወዳድር የከተማው ዳር ከገዳሙ ዳር ትንሽ ከፍ ብሏል። ትንሽ ነው፤ ግን በየሳምንቱ በዚያው በኩል ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ ልዩነት አንድ ቅርጫት ፈጥሮት ነበር። ይህኛው ትንሽ ቢሆንም የሐይቁ ነው።

ዘይት የሚወርደው ከየት እንደሆነ ለማወቅ ማሽን አላስፈለገኝም። በየሳምንቱ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

ለጋሽ ይማም እኔው ልንገራቸው ብዬ ዶክተሩን አስፈቀድኩ። ዳሩ ላይ መረብ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ዓሣዎ ከገዳሙ ዓሣ የተለየ ጭንቀት የለበትም። ያ ሁሉ የቅርጫቱ ነበር። ዶክተሩ ለወረዳው በጽሑፍ አርመዋል።»

«አላህ ያክብርሽ።»

«ሌላ ግን አለ።»

መረቡን አስቀመጡ። የዘይቱን ነገር ነገርኳቸው። ከዚህ ፓምፕ ነው የሚወርደው ብዬ መማል እንደማልችል፣ በዚህ ዳር ግን እንዳለ መማል እንደምችል ነገርኳቸው። ወደ ሙሐመድ አዩ። ጎማ ላይ ውኃ እየረጨ ነበር።

«ይህን ባትነግሪኝስ? የመጀመሪያውን ብቻ ነግረሽኝ ብትሄጂ ማን ያውቅ ነበር?»

«አላህ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።»

«ፓምፑን አንሣ ካልኩት ተመልሶ ይሄድብኛል፣ ዘሀራ። አራት ዓመት ድምፁን በስልክ ብቻ ነው የሰማሁት። እናቱ ሌላ መለየት አትችልም።»

እኔም እናት ነኝ። አንሡት አላልኳቸውም።  ጋሽ ይማም ተነሥተው ሄዱና ልጃቸውን አነጋገሩት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የሙሐመድ እጅ ሲወራጭ ብቻ ነው ያየሁት። ወደ እኔ አቅጣጫ ሲጮኽ ግን ተሰማኝ።

«ለሷ ዓሣ ጠብቀህ ጠብቀህ እኔን አስያዝካት!»

ጋሽ ይማም ሲመለሱ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። «የያዘውን ትቶ አይሄድም። እስኪ ቦታ እንፈልግለት።»

ቦታው ለመገኘት ሁለት ወር ፈጀ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎ፣ እጣቢው ጉድጓድ ውስጥ የሚሰርግበት ሥፍራ ወረዳው ፈቀደለት። ደብዳቤውን ያጻፉት ዶክተር ታረቀኝ ናቸው። ሙሐመድ ወደ ሳዑዲ አልተመለሰም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ሰላምታዬን ግማሹን ብቻ ነው የሚመልስልኝ። መብቱ ነው።

ባለ ሆቴሏ ዘንድ ከዶክተሩ ጋር ሄድን። ረቂቁ ስሕተት እንደነበረ፣ ዓሣው ይበላ አይበላ ደግሞ ከመጀመሪያውም እንዳልለካን ዶክተሩ ራሳቸው አስረዷት። ከዚያ የጋሽ ይማምን ዓሣ አስጠብሰው ሰው ፊት በሉ። ጋሽ ይማም በር ላይ ቆመው ሲያዩዋቸው ቆዩና «ጉበቱንም ብሉት እንግዲህ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። በማግሥቱ ዓሣቸውን ተቀበለቻቸው።

ከክረምቱ በኋላ ደግመን ለካን። የዘይቱ ዘረመል ቀንሷል፤ ጨርሶ አልጠፋም። እንደዚያው አድርገን ጻፍነው።

ወይዘሮ አስካለን ጡረታ ከወጡ በኋላ ልጠይቃቸው ሄጄ ይህን ሁሉ ስነግራቸው «ውኃውን መዝነሽ ነበር፤ ጠዋት ይሁን ማታ ረሳሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልጄን ያሳደግኩበትን ይህን ሥራ የሰጠኝን ጌታ አመሰግናለሁ። በደጄ ቆመው የተቆጡኝንም አመሰግናለሁ፤ ባይቆጡኝ ያ ሠንጠረዥ ዛሬም እውነት ተብሎ ይነበብ ነበር።

በናሙና መቀበያ ቅጻችን ላይ አሁን አንድ ተጨማሪ ዓምድ አለ፦ «ከውኃ የወጣበት ሰዓት»፤ የሚቆጠረው መረቡ ከተነሣበት ነው። ያ ዓምድ ባዶ ሆኖ የመጣ ቲዩብ ማንም ያምጣው ማንም ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። ቁልፉን የሚረከበኝ ሰው ከዚህ ሌላ ትእዛዝ የለበትም።